ሳሙና፦ የአንድ ቃል ጉዞና ትርጕሞች

በመንዝ ማማ ምድር፣ ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት በሞላሌ ከተማ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ልጅ ሳለ በገበያው ሁለት ዓይነት የእድፍ ማስለቀቂያዎች ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር። በአንድ በኩል ከወይና ደጋው የመጡ ሴቶች የደረቀ የእንዶድ ፍሬ በእንቅብ ሞልተው በጣሳ እየሰፈሩ ያቀርባሉ። በሌላው በኩል ባለሱቁ እንደ ጣውላ የረዘመውን ደረቅ ሳሙና በቢላዋ እየቆረጠ፣ ቁራጩን በአሮጌ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። ገዢው እንደ አቅሙና እንደ ልብሱ ይመርጣል። ለዘወትር ልብስ ሳሙና፣ ለክት ልብስ ግን እንዶድ የሚል ፍርድ በብዙ እናቶች ዘንድ የጸና ነበር። አያቴ የጥምቀት ቀሚሳቸውን ሳሙና አስነክተው አያውቁም። «ሳሙና የሰው አገር ነገር ነው፤ ጥለቱን ያደበዝዘዋል» ይሉ ነበር።

ሳሙና የሰው አገር ነገር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የየትኛው ሰው አገር? ስሙስ በየት በኩል አልፎ ወደ እኛ ደረሰ? ከዚያም አልፎ፣ ቃሉ ከዕቃው ጋር ብቻ አልመጣም። ማን ንጹሕ ነው፣ ማን እድፋም ነው የሚል ፍርድም አብሮት ተጉዟል። በመሆኑም የአንዲት ትንሽ ቃል ታሪክ የሚመስለው ጉዳይ፣ ውሎ አድሮ ስለ ሰው ክብርና ስለ ሕዝብ እውቀት የሚነሣ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉዞ ከመነሻው እስከ ሞላሌ ገበያ ለመከተል ይሞክራል።

የቃሉ መገኛ

ስለ ሳሙና በስሙ ጠርቶ ከጻፉት ሰዎች መካከል ቀደምቱ ሮማዊው ታላቁ ፕሊኒ ነው። ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ዓመት በጻፈው «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው ሰፊ ሥራው፣ በ28ኛው መጽሐፍ ውስጥ «ሳፖ» ስለሚባል ነገር ያወሳል። እንደ እርሱ አባባል ሳፖ የጋሎች ፈጠራ ሲሆን የሚሠራውም ከሞራና ከአመድ ነው። ምርጡ ከፍየል ሞራና ቢች ከሚባለው ዛፍ አመድ የሚገኘው ነው። ጠጣርም ፈሳሽም ዓይነት አለው። የሚያስገርመው ግን አገልግሎቱ ነው። ሳፖ ጠጉርን ለማቅላት ይውል ነበር እንጂ ለእጥበት መሆኑን ፕሊኒ አይናገርም። እንዲያውም በጀርመኖች ዘንድ ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ ይበልጥ ይጠቀሙበት እንደ ነበር ይጨምራል።

እንግዲህ ቃሉ በጽሑፍ ሲወለድ ትርጕሙ የጠጉር ቀለም፣ ወይም የጠጉር ቅባት ነበር ማለት ነው። በጊዜው ሮማውያን ራሳቸው ገላቸውን የሚያጸዱት የወይራ ዘይት ተቀብተው፣ እድፉን ከዘይቱ ጋር በብረት መፋቂያ እየፋቁ ነበር። ሳፖ ለእጥበት እንደሚውል የሚናገሩት በሐኪሙ በጋሌን ስም የሚታወቁ ኋለኛ ጽሑፎች ናቸው። ዛሬ በሥልጣኔ ምልክትነት የሚቆጠረው ነገር፣ በዚያን ዘመን ሮማውያን «አረመኔ» ይሏቸው ከነበሩ የሰሜን ሕዝቦች የተገኘ መሆኑን ልብ ይሏል።

የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት፣ ላቲኑ ቃሉን የወሰደው ከጀርመናውያን ቋንቋዎች ነው። በእነዚያ ቋንቋዎች ጥንታዊ መሠረቱ ከመንጠባጠብና ከሙጫ ጋር ይዛመዳል። ከላቲን በኋላ ጉዞው እጅግ ፈጣንና ሰፊ ሆነ። ጣልያኑ «ሳፖኔ»፣ ፈረንሳዩ «ሳቮን»፣ ዐረቡ «ጻቡን»፣ ፋርሱና ቱርኩ «ሳቡን»፣ ሕንዱና ማላዩም «ሳቡን»፣ የስዋሂሊ ተናጋሪው «ሳቡኒ» አለው። ጃፓኖች ሳይቀሩ ከአውሮፓ መርከበኞች ሰምተው «ሻቦን» የሚል ቃል ነበራቸው። ከአንድ ቃል ይህን ያህል ባሕርና በረሃ ተሻግሮ፣ ድምፁን ብዙም ሳይለውጥ የቀረ ጥቂት ነው።

ለዚህ ጉዞ ትልቁን ድርሻ የያዙት የዐረብ አገሮች የእጅ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ናቸው። የሰሜኖቹ ሳሙና ከሞራና ከእንጨት አመድ የሚሠራ ሲሆን፣ በእንጨት አመድ ውስጥ ያለው ፖታሽ ለስላሳ፣ እንደ ቅባት የሚዝለገለግ ሳሙና ይሰጣል። በሶርያና በፍልስጥኤም ግን በሞራው ፈንታ የወይራ ዘይት፣ በእንጨት አመዱ ፈንታ ሶዳ የበዛበት የበረሃ ተክሎች አመድ ከኖራ ጋር ገባ። ከዚህ የሚገኘው ሳሙና ጠጣር ነው፤ ይቆረጣል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በግመል ተጭኖ ሩቅ አገር ይሄዳል። የሐለብና የናብሉስ ሳሙናዎች ዝና ከዚህ የመጣ ነው። ነጋዴ ሊሸከመው የሚችል ሳሙና በተሠራ ጊዜ፣ ስሙም አብሮ የሚሸከሙት ሆነ።

ያልነበረ ተራራና ያልተሳመ ቃል

ሰው የቃልን ምንጭ ባላወቀ ጊዜ ተረት ይሠራለታል። ስለ ሳሙናም በአውሮፓ በሰፊው የሚነገር አንድ ወሬ አለ። በሮማ አጠገብ «ሳፖ» የሚባል ተራራ ነበረ፤ በዚያ የሚሠዉት እንስሳት ሞራ ከመሠዊያው አመድ ጋር ተቀላቅሎ በዝናብ ወደ ቲቤር ወንዝ ሲወርድ፣ ልብስ አጣቢዎች ልብሳቸው ያለ ድካም ሲጸዳ አዩ፤ ስሙም ከተራራው ወጣ ይላል። ወሬው ያማረ ነው። ይሁን እንጂ በሮማ አካባቢ በዚያ ስም የሚታወቅ ተራራ የለም። ተራራው ከቃሉ ተወለደ እንጂ ቃሉ ከተራራው አልተወለደም።

እኛም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለንም። «ሳሙና» የሚለው ድምፅ ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አይመስልም። «ሳሙ» ብሎ «ና»ን የጨመረ ሰው «ተሳለሙና»፣ «ተሳሳሙና» የሚለውን ያስባል። «ቤተ ክርስቲያን ሳሙና ሄዱ» ብንል ሰሚው ሁለቱን ትርጕሞች ለመለየት ጥቂት ያመነታል። ሌላውም ቃሉን ከ«ሰሙን» ጋር አዛምዶ፣ በየሳምንቱ የሚደረግ እጥበት ማለት ነው ሊል ይችላል። ኅብረ ቃልን ለሚወድ ሕዝብ ይህ ሁሉ የቋንቋ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታነቱም ያስደስታል። ነገር ግን ድምፅን እንጂ ታሪክን አይከተልም። «ሰሙን» ከግዕዙ የስምንት ቍጥር የሚዛመድ ቃል ነው፤ «ሳሙና» ግን ከዐረቡ «ጻቡን» የመጣ እንግዳ ነው።

የ«ብ»ን ወደ «ም» መለወጥ ማስረዳት አያስቸግርም። ሁለቱም ድምፆች ከንፈር ተገጥሞ የሚነገሩ ናቸው። ልዩነታቸው በ«ም» ጊዜ አየሩ በአፍንጫ መውጣቱ ነው። በቃሉ መጨረሻ ያለው «ን» ደግሞ እርሱ ራሱ የአፍንጫ ድምፅ ስለ ሆነ ጎረቤቱን ወደ ራሱ ጠባይ ይስባል። አማርኛ ብቻ ሳይሆን ትግርኛና ኦሮምኛም ቃሉን በ«ም» ይዘውታል። የባሕሩ ጠረፍ ቅርብ የሆነው ሱማልኛ ግን እንደ ዐረቡ «ሳቡን» ብሎ ከነ«ብ»ው አስቀርቶታል። ቃሉ ከጠረፍ ወደ ደጋ ሲወጣ የደገኛን ልማድ ለበሰ ቢባል ይቻላል።

ወደ ሸዋ ደጋ የሚያስገባው ዋና በር በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀ ነው። ከታጁራ የተነሡ ሲራራ ነጋዴዎች የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከአንኮበር በታች በምትገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ሸቀጣቸውን ያራግፉ ነበር። ከዚያ ወደ መንዝ የሚያወጣው መንገድ በበቅሎ የሚሄዱት ነው። በሰሜንም ምጽዋ ሌላ በር ነበረች። «ስኳር»፣ «ፋኖስ»፣ «መቀስ»፣ «ወረቀት» የሚሉት ቃላት ሁሉ ምንጫቸው ዐረብኛ ነው። ሳሙናም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የቃላት ታሪክ የገበያ ታሪክ ነው የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

ሳሙና ከመምጣቱ በፊት

ቃሉ እንግዳ ቢሆንም ሥራው እንግዳ አልነበረም። ግዕዝ «ኀፀበ» ይላል፤ አማርኛው «አጠበ» የመጣው ከዚሁ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የሚፈጸመው የኅፅበተ እግር ሥርዓትም ይህንኑ ግስ ይዞ ይኖራል። በዚያን ዕለት ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡት በወይራና በወይን ቅጠል ነው። ሳሙና የሚባል ነገር በሥርዓቱ ውስጥ የለም።

በቤትም ቢሆን የእጥበት ወግ ሰፊ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እጅ ማስታጠብ፣ መንገደኛ ሲያድር እግሩን በለብታ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ የእግሩን ጫፍ መሳም የመንዝ ቤት ሁሉ የሚያውቀው የአክብሮት ምልክት ነበር። ቤተሰቡ በመሸ ጊዜ የአባትን እግር የሚያጥበው ልጅ ምርቃት ይቀበላል። እዚህ ላይ «ሳሙና» የሚለውን ጨዋታ መልሰን ብናስበው፣ በሥርወ ቃል ስሕተት ቢሆንም በባህል ትክክል ሆኖ ይገኛል። እግር ያጠቡ ይስሙ ነበርና።

ለልብስ ደግሞ እንዶድ ነበር። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ፣ በአጥርና በገደል አፋፍ ላይ እየተጠላለፈ የሚያድግ ሐረግ ነው። ሳይንሱ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይለዋል፤ በትግርኛ «ሽብጢ»፣ በኦሮምኛ «ሃንዶዴ» ይባላል። ፍሬው ጥቃቅን ሆኖ በዘለላ ይንጠለጠላል። ሲበስል ይለቀማል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ለእጥበት ሲፈለግ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ የሚወጣው አረፋ ነጭና የበዛ ነው። ሸማው በአረፋው ተነክሮ በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል፣ ይጨመቃል፣ በሣር ላይ ለፀሐይ ይሰጣል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው አነጋገር ያለ እንዶድ ሙሉ አይሆንም ነበር። በጥር 11 ቀን ታቦታቱን የሚከተለው የነጭ ልብስ ባሕር፣ ያንን ንጣት ያገኘው አስቀድሞ በወንዝ ዳር በፈሰሰው በዚህ አረፋ ነበር።

ከእንዶድ ሌላም የየራሳቸው ተግባር ያላቸው ነበሩ። ጋንና ማድጋ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል። አመድ ለዕቃ ይሆናል። ጠጉር ቅቤ ይቀባል። አመድ በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ውስጥ የዋጋ ቢስ ነገር አብነት ነው። «አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባላል፤ ውለታው የማይታወቅለት ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ይላል። ይሁንና የሰሜኖቹ ሳሙና ጥንት የተሠራው ከዚሁ ከተናቀው አመድና ከሞራ መሆኑን አይተናል። የመንዝ ቤትም በግ አርብቶ ሞራ፣ ምድጃ አንድዶ አመድ አጥቶ አያውቅም። ሳሙናው በአጥሩ ላይ ለሚበቅልለት ሕዝብ ግን ሞራ ከአመድ ጋር አፍልቶ ቀናትን መጠበቅ ትርጕም አልነበረውም። የሚያስፈልገው ነገር በእጁ ነበረ።

ይህንን ትይዩነት የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም ያወቁት ይመስላል። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 2 እና በትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ዕብራይስጡ «ቦሪት» የሚል ቃል አለው። ቦሪት ከተክል የሚገኝ ማጽጃ ነው እንጂ የዛሬው ሳሙና አይደለም። ኤርምያስ «ኔቴር» የሚባል፣ ከምድር የሚገኝ የማጠቢያ ጨውም ያነሣል። የአማርኛው ትርጕም በኤርምያስ ስፍራ እንዶድንና ሳሙናን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። የሞላሌ ገበያ ሁለት ሻጮች በቅዱሱ መጽሐፍ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

«ኢትዮጵያዊን ማጠብ»

እስካሁን የተመለከትነው የቃሉን ሰላማዊ ጉዞ ነው። ሌላም ጉዞ አለው።

ጥንታውያን ግሪኮች ከንቱ ድካምን ለመግለጽ «ኢትዮጵያዊን ማጠብ» የሚል አባባል ነበራቸው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ጸሐፊ ሉቅያኖስ ይጠቀምበታል። በኤዞፕ ስም በሚነገሩት ተረቶችም ውስጥ አንድ ሰው ኢትዮጵያዊ ባሪያ ገዝቶ፣ የቆዳው ጥቁረት ከቀድሞው ጌታው ቸልተኝነት የመጣ እድፍ መስሎት ሲያጥበው፣ ሲፈትገው እንደ ዋለ፣ መልኩ ግን እንዳልተለወጠ ይተረካል። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 13 የኢትዮጵያዊን መልክና የነብርን ዝንጕርጕርነት ጠቅሶ ይጠይቃል። በነቢዩ ቃል ውስጥ ግን የማጠብ ነገር የለም። ጥያቄው ልማድ የማይለወጥ መሆኑን ለማሳየት ብቻ የቀረበ ነው።

ተረቱ በመካከለኛው ዘመን አልፎ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በኤራስመስ የአባባሎች ስብስብ ታትሞ፣ ለአውሮፓ የተማረ ሰው ሁሉ የታወቀ ሆነ። ይሁን እንጂ ተረቱ ጥርስ ያወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ፈረንሳዊው ለብላን እ.ኤ.አ. በ1791 ሶዳን ከገበታ ጨው የሚያወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ። ሌላው ፈረንሳዊ ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1823 የቅባትን ባሕርይ የሚያስረዳ ምርምሩን አሳተመ። በእነዚህ እውቀቶች ሳሙና ከባለሙያ ጓዳ ወጥቶ የፋብሪካ ምርት ሆነ። የፋብሪካ ምርት ደግሞ ማስታወቂያ ይሻል። በ1880ዎቹ የለንደኑ የፒርስ ሳሙና አምራች ባወጣው አንድ ሥዕል፣ ጥቁር ሕፃን በነጭ ሕፃን እጅ ሲታጠብ፣ ከውሃው ሲወጣም ከፊቱ በቀር ገላው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል።

የጥንቱ ተረት «አይቻልም» ይል ነበር፤ አዲሱ ማስታወቂያ «በእኛ ሳሙና ይቻላል» አለ። ሁለቱም ግን በአንድ ስሕተት ይስማማሉ። ሁለቱም ጥቁረትን እድፍ አድርገው ይቆጥራሉ። ያ ሥዕል በወጣበት ዘመን የአውሮፓ ኃይሎች አፍሪካን በካርታ ላይ ይከፋፈሉ ነበር። በሥዕሉ ያለው ሳሙና ለእጅ ማጠቢያ ብቻ የታሰበ አይደለም። የቅኝ ግዛትን እጅም ንጹሕ ለማስመሰል አገልግሏል። አያቴ «የሰው አገር ነገር» ያሉት ዕቃ፣ በሰው አገር ስለ እኛ ይህን ይናገር ነበር።

ከዐድዋ ወንዝ የወጣ መልስ

ለዚህ ተረት የተሻለ መልስ የሰጠው የልብስ አጣቢዎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያ በሽታን ያጠኑ ነበር። ይህ በሽታ በወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፍ ነው። ዶክተር አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ፣ ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ። ከአጣቢዎቹ በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። የእንዶዱ አረፋ ልብሱን ሲያጸዳ ወንዙንም ከበሽታው ተሸካሚ ያጸዳ ነበር።

የመጀመሪያው ዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ በዚያው በዐድዋ ለአምስት ዓመታት በተደረገው ሙከራ፣ በእንዶድ ቀንድ አውጣውን በመቈጣጠር የበሽታው ሥርጭት በጠቅላላው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሻለ ኃይል ያላቸውን የእንዶድ ዘሮች መርጠው አለሙ፤ ከእነርሱም «ኢ-44» የተባለው በይበልጥ የታወቀ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐርፈዋል።

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ አንድ አስደናቂ ዙር ይዞራል። በእንዶድ ውስጥ ያለው፣ አረፋውን የሚሰጠውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ነገር በኬሚስቶች ቋንቋ «ሳፖኒን» ከሚባሉት ወገን ነው። ሳፖኒን የወጣው ከዚያው ከፕሊኒ «ሳፖ» ነው። ስለዚህ እንዶድና ሳሙና፣ በሞላሌ ገበያ እንደ ባላንጣ ጎን ለጎን ይሸጡ የነበሩት ሁለቱ፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ የአንድ ስም ዘመዶች ሆነው ተገኙ። ከእንዶድ ከተለዩት ንጥረ ነገሮች አንዱ ደግሞ «ለማቶክሲን» ተብሎ በኢትዮጵያዊው ሊቅ ስም ተሰየመ። ኢትዮጵያ ከዐረቡ አንድ ቃል ተበድራ ነበር፤ ለዓለሙ መዝገብ ደግሞ አንድ ቃል ከፈለች።

ታሪኩ ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧዎችን የሚደፍኑ ዛጎል ለባሾችን በእንዶድ ለመከላከል የሚያስችል የፈጠራ መብት ተሰጠ። ዶክተር አክሊሉ ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። ነገር ግን ለዘመናት ፍሬውን የለቀሙት፣ የወቀጡት፣ አረፋውን በወንዝ ያፈሰሱት ሴቶች ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የለም። ሊቁ የተመለከቱትን ነገር አስቀድመው በእጃቸው ያኖሩት ግን እነርሱ ናቸው። የሕዝብ እውቀት የማን ሀብት ነው የሚለው ክርክር በየአገሩ ሲነሣ እንዶድ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ሆኗል። በአገራችንም በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482፣ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ እውቀትን ስለ ማግኘት እንዲሁም የማኅበረሰብን መብት ስለ መጠበቅ ደንግጓል። ሕጉ ለወደፊቱ በር ይጠብቃል፤ ያለፈውን ውለታ የማስታወስ ግዴታ ግን የእኛ የጸሐፊዎች ነው።

የዛሬ ትርጕሞች

ዛሬ «ሳሙና» በአማርኛ ለብዙ ነገር የሚበቃ ቃል ሆኗል። የልብስ ሳሙና፣ የገላ ሳሙና፣ ደረቅ ሳሙና፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙና ይባላል። መልካም መዓዛ ያለው በገጠር «የሽታ ሳሙና» ነው። በልጅነቴ አካባቢ የሽታ ሳሙና ለመታጠቢያ ብቻ አልነበረም። ሙሽራ በሳጥኗ ልብስ መካከል አኑራ ሽታውን ታስቀርበት ነበር፤ ሳይታጠቡበት ዓመት ያስቈጠረ ሳሙና ብዙ ነው። በአዲስ አበባ ጉለሌና ረጲ በሳሙና ፋብሪካዎቻቸው ስም ታውቀዋል። የንግድ ምልክት የነበሩት «ኦሞ» እና «ላርጎ» በሕዝብ አፍ የዕቃው ስም ሆነዋል። «በረኪና» ደግሞ ከጣልያኑ «ቫሬኪና» የመጣ ነው። የጥንቱ ቃል ከዐረብ ነጋዴ፣ ይህኛው ከጣልያን ባለሱቅ መምጣቱ የሁለት ዘመናትን ልዩነት ያሳያል።

በምሳሌያዊ አነጋገርም ቃሉ አልቦዘነም። ሊይዙት ሲሉ የሚያመልጥ፣ ቃሉ የማይጨበጥ ሰው እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ ይባላል። ታይቶ የሚጠፋ ተስፋ የሳሙና አረፋ ነው። በውጭው ዓለም፣ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ራዲዮ በሳሙና ኩባንያዎች ወጪ ይቀርቡ የነበሩ ተከታታይ ድራማዎች «የሳሙና ኦፔራ» የሚል ስም ወጣላቸው። በአደባባይ በሳሙና ሣጥን ላይ ቆሞ የሚሰብክም «የሳሙና ሣጥን ተናጋሪ» ተብሏል። ለኪነ ጥበብ ሰው ይህ ትምህርት ሰጪ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍል ሁሉ በሥራው ላይ ስሙን ሳያስቀር አይቀርምና።

«አጠበ» የሚለው ግስም እንዲሁ ሰፍቷል። ፎቶግራፍ ይታጠባል፤ የኩላሊት እጥበት አለ፤ አእምሮ ይታጠባል ይባላል፤ በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ይታጠባል። በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ማጠብ ማጽዳት መሆኑ ቀርቶ መሸፈን ሆኗል። የፒርስ ሥዕል ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ «እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ» የሚለው ቃል በየራዲዮው፣ በየስልኩ ጥሪ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ምክሩ ትክክል ነበር፤ የቫይረሱ ቅባታማ ሽፋን በሳሙና ይፈርሳልና። ነገር ግን ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ ለሚሸከሙ፣ የሳሙናን ዋጋ ከጨውና ከበርበሬ ዋጋ ጋር እያመዛዘኑ ለሚገዙ የደጋ ቤተሰቦች፣ ያ አጭር ዐረፍተ ነገር ከባድ ነበር። ንጽሕና የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የውሃ፣ የመንገድና የገቢ ጉዳይ መሆኑን ያን ጊዜ ያልተረዳ ካለ ከቶ አይረዳም። ያልታጠበን እጅ ከመውቀስ በፊት ውሃው የት እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

አማርኛ «ነጻ» ሲል ሁለት ነገር ይላል። ከለምጹ ነጻ፣ ከኃጢአት ነጻ ሲል መጽዳትን ነው፤ ነጻ ሰው፣ ነጻ አገር ሲል ደግሞ በሌላ አለመገዛትን ነው። በቋንቋችን ንጽሕናና ነጻነት በአንድ ቃል ጥላ ሥር ይኖራሉ። የሳሙና ታሪክም ሁለቱን አብሮ ያነሣል። ቃሉን መበደር አያሳፍርም፤ ላቲኑም ከጀርመኑ፣ ዐረቡም ከሌላው ተበድሯል። የሚያሳፍረው በተበደሩት ቃል ምክንያት የራስን እውቀት እንደ እድፍ አይቶ ማጠብ ነው።

ስለዚህ ይህ ጸሐፊ ለቋንቋና ለባህል አጥኚዎች አንድ አሳብ ያቀርባል። ስለ እንዶድ አለቃቀም፣ አወቃቀጥና አዘፋዘፍ፣ ስለ ባና፣ ስለ ሸማና ስለ ጥበብ አስተጣጠብ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ እናቶች አፍ የሚነገሩት ቃላት፣ ተናጋሪዎቻቸው ሳያልፉ ቢመዘገቡ መልካም ነው። ወንዙ ዳር ያለው ድንጋይ እንኳ በየአገሩ የራሱ ስም አለው። መዝገበ ቃላቶቻችን «ሳሙና»ን ይዘዋል፤ ከሙቀጫው እስከ ሣሩ ላይ ስጥ ድረስ ያለውን የእንዶድን ሥራ የሚገልጹ ቃላት ግን ብዙዎቹ በመጽሐፍ አልገቡም።

የአያቴ የጥምቀት ቀሚስ ዛሬም በቤታችን አለ። ጥለቱ አልደበዘዘም።